በለጋነቱ ያረፈው ወንድማችንና የልጅነት ትዝታ

ከአንድ ቤት ወጣት ልጅ በሞት ሲለይ፥ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የመታሰቢያውን ቀን አስቀድሞ ወስኖ አስቀምጦልናል፤ ሠልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁ፥ ሙት ዓመቱ፥ ከዚያም ሰባት ዓመቱ። ካህኑ ለጸሎት ሲቆም የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የሟቹ የክርስትና ስም ነው። ቁመቱ ምን ያህል ነበረ፥ ጠባዩስ ገር ነበረ ወይስ ቁጡ፥ በመጨረሻው ሌሊት ምን ተናገረ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በቤተ መቅደስ የሚደረገው መታሰቢያ ከዓመት ዓመት ያው ነው። በየቤታችን በምድጃ ዙሪያ የሚደረገው መታሰቢያ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይጨመርበታል፥ ይቀነስለታል፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ዞሮ ባለቤቱን ይለውጣል። በዚህ ወር ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መታሰቢያ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ከራሳችን ቤት መጀመር ይሻላል። ታላቅ ወንድማችን ያረፈው በ1979 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ነው። እናታችን ዘመን የሚቆጥሩት በ1966ቱ አብዮት ነውና፥ «ለአብዮቱ ሦስት ዓመት ሲቀረው ተወለደ» ይላሉ፤ እንግዲህ ሲሞት 16 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። እኛ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርን፤ ታናሽ እኅታችን ደግሞ ገና የዐሥር ወር ሕፃን ነበረች። ወንድማችን ጧት ከየኔታ ዘንድ ውሎ ከሰዓት በኋላ ወደ አስኳላ የሚሄድ ዲያቆን ነበረ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፥ ከዘመድ ቤት ማሽላ ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ያህል ቈየ። ወደ ደጋ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ራሱን አመመው፥ ብርድ ብርድ አለው፥ ተንቀጠቀጠ፤ ሳምንት ሳይሞላውም ዐረፈ።

የደጋ ሰው ንዳድን ያውቀዋል፤ ደሙ ግን አልለመደውም። ክረምት ወጥቶ ውኃው በየጕድጓዱ ሲተኛ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ትንኝ የምትበረታበት ወራት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። አባቶቻችን ቆላ ወርዶ ማደርን ሲፈሩ በከንቱ አልነበረም።

ስለ ወንድማችን ከምናስታውሰው ሁሉ የሚበልጠው የጨሞጋው ነገር ነው። ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል፥ በክረምት ግን በሬ ይወስዳል። በትዝታችን ውስጥ ወራቱ ክረምት ነው፤ ውኃው ደፍርሷል፤ ወንድማችን በትከሻው ተሸክሞን ይሻገራል፤ ውኃው እስከ ደረቱ ደርሷል፤ እኛም ሁለት እጃችንን በግንባሩ ላይ አቈላልፈን ይዘናል። የጋቢው የጢስ ሽታ ሳይቀር ዛሬም ይመጣብናል። አጎታችን ግን በሕይወት ሳሉ፥ በዚያ ቀን ተሸክመው ያሻገሩን እርሳቸው እንደ ነበሩ፥ ወንድማችን ከማዶ ከብት ይጠብቅ እንደ ነበረ፥ ውኃውም ከጕልበት እንዳላለፈ ይናገሩ ነበር። አጎታችን ሐሰት የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ይህን ሲናገሩ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። በመካከላችን የሚፈርድ ሦስተኛ ምስክር አልተገኘም፤ ወንዙም አይናገርም።

የሰውን አእምሮ የሚመረምሩ ምሁራን እንደሚሉት፥ አብዛኛው ሰው ከልጅነቱ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር ከሦስት ዓመት ተኩል ዕድሜው ገደማ የሚጀምር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውም ቢሆን በሣጥን ተቈልፎ እንደ ተቀመጠ ልብስ አይደለም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት፥ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚተርኩትን አንድ ተረት ለአገሩ ሰዎች አስነብቦ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ከዚያም ከቀናትና ከወራት በኋላ እንደ ገና እንዲጽፉት ያደርግ ነበር። ተረቱ እየዋለ ባደረ ቍጥር አጠረ፤ ለአንባቢዎቹ እንግዳ የነበረው ነገር ወደቀ፤ የባሕር እንስሳ አደን የነበረው ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ የዚያ አገር ታንኳም የእንግሊዝ ጀልባ ሆኖ ተገኘ። ባርትሌት ይህን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 በመጽሐፍ አሳትሞ፥ ማስታወስ ማለት የተቀመጠውን ማውጣት ሳይሆን ባለው ፍርስራሽ ቤቱን እንደ ገና መሥራት መሆኑን አስረድቷል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሊቃወም ይችላል። ዳዊትን በቃል የሚደግም፥ ጾመ ድጓን በቃል ይዞ የሚያዜም ሰው በየደብሩ ሞልቶ ሳለ፥ ትዝታ ይለወጣል ማለት ምን ማለት ነው? እኛም በዚህ ብዙ አስበናል። መልሱ የሚገኘው በየኔታ ወንበር ላይ ይመስለናል። ተማሪው አንዲት ቃል ቢያጠፋ፥ አንዲት ድምፅ ቢያነሣ ወይም ቢጥል፥ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ እንኳ «ተመለስ!» ይሉታል። የቃል ትምህርት ሳይለወጥ የኖረው የሰው አእምሮ ስለማይሳሳት አይደለም፤ በየቀኑ የሚያርም መምህር ስላለው ነው። የሟች ወንድም ፊት ግን፥ የሟች ወንድም አረማመድና አነጋገር የኔታ የለውም። እያንዳንዳችን ብቻችንን ስንደግመው እንኖራለን፤ «ተመለስ» የሚለንም የለም።

እንዲያውም በአገራችን ለውጡ የሚጀምረው ከልቅሶው ቀን ነው። በጎጃም ልቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደዋ አልቃሽ ሟቹን በነበረበት መጠን አታነሣውም፤ ማንሣትም አይጠበቅባትም። የ16 ዓመት ልጅ አንበሳ ይሆናል፥ ዋርካ ይሆናል፥ አገር የሚጠለልበት ግራር ይሆናል። ለዕለቱ ይህ ተገቢ ነው፤ ለቅሶ ቤት የመጣውን ዕንባ የሚያወጣ ይህ ነውና። ነገር ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ሙሾው ይቀርና ልጁ ይጠፋል። ከወንድማችን ጋር ፊደል የቈጠረ አንድ ባልንጀራው እንደሚነግረን፥ ወንድማችን የየኔታን ሳል አስመስሎ እየሳለ ጓደኞቹን የሚያስቅ፥ ከየኔታ ጓሮም የበቆሎ እሸት የሚሰርቅ ልጅ ነበረ። እናታችን ይህ ሲነገር ደስ አይላቸውም፤ «ልጄ እንዲህ አልነበረም» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኛ ግን ከሙሾው አንበሳ ይልቅ እሸት የሚሰርቀው ልጅ ይናፍቀናል።

አንድ ፎቶግራፉ በእጃችን ይገኛል፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣው ነው። በትዝታችን ውስጥ ወንድማችን በሩን ዝቅ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነው፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ግን ጆሮው ሰፋ፥ አንገቱ ቀጠን ያለ ትንሽ ልጅ ነው። ዛሬ የእኛ የበኵር ልጅ በዕድሜ ቀድሞታል። ያም ሆኖ ስሙን ስናነሣ «ወንድም ጋሼ» እንላለን፤ ጠጕሩ የሸበተ ሰው በልጁ ዕድሜ ያለውን ልጅ «ጋሼ» ሲል ለሚሰማ ሳያስቅ አይቀርም።

ፎቶግራፍ ታማኝ ምስክር ይመስላል፤ ግን እርሱም የራሱ ተንኰል አለው። የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ሥዕል ያላየ ብዙ ሰው የለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሞተውበት፥ እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። የቤተ ሰቡ ተወላጆች ዐፅሙ እንዲመለስ ቢጠይቁም፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሳይፈቅድ ቀርቷል። እኛ ሁላችን ዓለማየሁን የምናውቀው በዚያ በተከዘ ፊቱ ነው። ኀዘኑ እውነት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ለመነሣት ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልግ ነበርና፥ ፈገግ ያለ ልጅ ቢሆን እንኳ ፈገግታውን ሥዕሉ ሊይዘው አይችልም ነበር። በዐሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜው ውስጥ የሳቀበት ቀን አልነበረም ይሆን? ሥዕሉ አንዱን ቀን ይዞ የቀረውን ሁሉ ዋጠው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እናታችን ዛሬም በየዓመቱ በኅዳር ጥቂት ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅተው ካህናትንና ዘመድን ይጠራሉ። ባለፈው ኅዳር በዚሁ ቀን እኅታችን እንደ ልማዷ፥ ወንድም ጋሼ በአባታችን በቅሎ ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፥ በአንድ እጁ ወገቧን ይዞ፥ ግቢውን ሲያዞራት እንደምታስታውስ ተናገረች። የበቅሎዋ ጆሮ ሲነቃነቅ ሁሉ ይታያታል። በዚህ ጊዜ አንዲት አክስታችን ሣቁና፥ «አንቺ ልጅ፥ ያን ጊዜ ገና ጡት ላይ ነበርሽ፤ ምኑን አይተሽ!» አሉ። እንግዳውም ሁሉ ሣቀ። እኅታችን ወደ ውጭ ወጥታ አለቀሰች፤ ወንድሟ ያን ዕለት የሞተባት ያህል ነበረ።

አክስታችን ያሉት በቍጥር ትክክል ነው። የዐሥር ወር ሕፃን እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ አያድግም። እናታችን ጠጕሯን ሲሠሯት እየደጋገሙ የነገሯት ታሪክ በልቧ ውስጥ ዓይን አውጥቶ ትዝታ ሆኗል። ይህም በእርሷ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሕፃናትን አእምሮ በመመርመር ስሙ በዓለም የታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ፥ ሞግዚቱ በሠረገላ አስቀምጣ በፓሪስ አደባባይ ስትገፋው አንድ ሰው ሊሰርቀው እንደ ሞከረ፥ ሞግዚቲቱም ታግላ ፊቷ እንደ ተቧጨረ እስከ 15 ዓመቱ ድረስ በዓይኑ ይታየው ነበር። ኋላ ግን ሞግዚቲቱ ለወላጆቹ ደብዳቤ ጽፋ ታሪኩን ፈጥራ የተናገረችው መሆኑን ገለጸች፤ ስለ ውለታዋ የተሰጣትንም ሰዓት መለሰች። ልጁ ያየው የመሰለው ሁሉ የሰማው ነበረ።

የእኅታችን ነገር ግን ከዚህ አንድ ልዩነት አለው፤ የነገሯት እናት አልዋሹም። ወንድማችን በእርግጥ በበቅሎ ላይ አስቀምጧታል፤ እናታችን በዓይናቸው አይተዋል። ሥዕሉ የእናታችን ሲሆን ልጅቱ ወረሰችው፤ ከእናት መሬት ይወረስ የለምን? ስለዚህ አክስታችን እውነት ተናግረው ሳለ በደል ሠርተዋል ብለን እናምናለን። ማንንም የማይጐዳ፥ ለአንዲት እኅት ያላየችውን ወንድም የሚሰጥ ትዝታ በእንግዳ ፊት በዕድሜ ቍጥር ሊፈርስ አይገባውም።

እንዲህ ስንል ግን ትዝታ ሁሉ እንዳለ ይተው ማለታችን አይደለም፤ በዚያው ዕለት የሆነውም ይህንኑ አስተማረን። እናታችን ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበረ፤ «እኔ ነኝ የላክሁት» የሚል። በቤት እህል ጐድሎ ስለ ነበረ ልጁን ወደ ቆላ የላኩት እርሳቸው እንደ ሆኑ፥ ልጁም እንቢ ማለት ስለማያውቅ እንደ ወረደ ይናገሩ ነበር። አባታችን በሕይወት ሳሉ «እንዲህ አይደለም» ቢሏቸው፥ እርሳቸውን ለማጽናናት የተባለ መስሏቸው አይሰሟቸውም ነበር። እኛም ልጆቻቸው ከእናታችን አፍ የሰማነውን እንደ እውነት ይዘን አደግን። በጸበል ጸዲቁ ቀን ግን፥ ልጁ በቆላ ያረፈበት ቤት ጌታ፥ ዛሬ እጅግ ያረጁ ሰው፥ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። በጨዋታ መካከልም፥ «ያ ልጅ እናቱ ትምህርት ቤት ተከፍቷል ብላ ከልክላው ሳለ፥ ሌሊት ሹልክ ብሎ የመጣ ነበር፤ ሸራ ጫማ መግዣ ፈልጎ ነው ብሎ ራሱ ነገረኝ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ እናታችን የሚደሰቱ መስሎን ፊት ፊታቸውን አየን። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው ሲወጣ ተኝቼ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ለካ ጸጸት ከአንዱ በር ቢያስወጡት በሌላው ይገባል። የወላጅ ልብ ምክንያት ያጣ ሞት ከሚሸከም ይልቅ በራሱ ላይ ፈርዶ መኖርን ይመርጣል፤ ትዝታም ፍርዱን ተከትሎ ምስክር ሆኖ ይቆማል። በዚያ ምሽት እናታችን ሽማግሌውን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ ልጁ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው፤ የሚፈልገው ጫማ ምን ዐይነት እንደ ነበረ፥ ሌሊት መንገዱን ማን እንዳሳየው፥ ሲደርስ ምን እንደ በላ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ በነቢያት ጾም መጨረሻ አካባቢ፥ እናታችን ለጎረቤታቸው ሲነግሩ በጓዳ ሆነን ሰማን፤ «ያ ሌባ! ለጫማ ብሎ አታለለኝ» ይሉ ነበር። በወንድማችን ላይ ሲቈጡ የሰማናቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ቍጣው ግን ማታ አርፍዶ የገባ ልጅ ላይ እንደሚቈጡት ያለ ቍጣ ነበረ፤ ድምፃቸውም ወጣት ሆኖ ተሰማን።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሞት ያለባችሁ አንባብያን፥ ሰው ራሱን የሚከስስበት ትዝታ ሲገጥማችሁ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ፈልጓቸው። ስትጠይቁም ሁሉን በአንድ ማዕድ ሰብስባችሁ አትጠይቁ፤ አንዱ ከተናገረ በኋላ የቀረው ሁሉ እርሱ እንዳለው ማስታወስ ይጀምራልና፥ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቃችሁ ማን እንዳለ፥ መቼ እንዳለ ጻፉት። የሐሳብ ልዩነት ቢገኝ ልዩነቱንም እንዳለ ጻፉት እንጂ አታስማሙት። የቆላው ሽማግሌ ባለፈው ኅዳር ባይመጡ ኖሮ፥ እናታችን ያን ጸጸት ይዘው ወደ መቃብር በወረዱ ነበር።

የሟቹ የራሱ ቃል ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ አዴዎዳጦስ የተባለ ልጁ በወጣትነቱ ሞቶበታል። ከመሞቱ በፊት አባትና ልጅ ስለ መምህርና ስለ ትምህርት የተነጋገሩትን በመጽሐፍ አድርጎ ነበርና፥ ኋላ ኑዛዜውን ሲጽፍ በዚያ መጽሐፍ በልጁ አፍ የተነገረው ሐሳብ ሁሉ ልጁ በ16 ዓመቱ በእርግጥ ያሰበው መሆኑን በእግዚአብሔር ፊት መስክሯል። እነሆ ከ1,600 ዓመት በኋላ ያ ልጅ አልተለወጠም። በዚያው ዕድሜ የሞተው ወንድማችን ግን መጽሐፍ የሚጽፍለት አባት አልነበረውም፤ አባታችን አራሽ ነበሩ።

ከእርሱ እጅ የቀረን አንድ ደብተር ነው፤ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ነው፥ በላዩም 1974 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። የማባዛቱ ሥራ ከግማሽ በላይ ስሕተት ነው፤ በአስተማሪነታችን ይህን ሳንናገር ለማለፍ አልቻልንም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን በሚገባ የተጠነቀቀ ሌላ ሒሳብ አለ፤ የብይ ዕዳ ነው። የአራት ልጆች ስም፥ በየስማቸው አንጻርም የሚፈለግባቸው የብይ ቍጥር ተጽፏል። ከአራቱ አንዱ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ፥ በአጥቢያችን የተከበረ ሰው ነው። ባለፈው ጥምቀት አግኝተነው ደብተሩን ብናሳየው መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተውና፥ ሁለቱን ብይ በዚያው ሳምንት በምስክር ፊት እንደ ከፈለ አጥብቆ ተናገረ። ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ «አንተ ነሃ! ካቡ ላይ ተቀምጠህ ታየን አልነበረም?» አለን።

በ1974 ዓ.ም. እኛ ሁለት ዓመታችን ነበረ።